ምዕራፍ 6፦ ኋላዋ ለምን ከፍ አለ?

ከጎሮ ወደ ጃክሮስ በሚወስደው መንገድ ዳር ግማሽ ሰዓት ቆሞ የሚያልፉትን ፒክአፖች የተመለከተ ሰው ሦስት ዓይነት አቋም ያያል። ባዶዎቹ ፊታቸውን ደፋ፣ ኋላቸውን ቀና አድርገው ይሄዳሉ። ልካቸውን የጫኑት ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብለዋል። ከልክ በላይ የተጫነባቸው ደግሞ ኋላቸው ተቀምጦ ፊታቸው ሰማይ ያያል፤ ሲመሽ መብራታቸው ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ይወጋል። ይህ ምዕራፍ ስለ አሞርዛተር፣ ስለ ባሌስትራና ስለ ሞላ፣ እንዲሁም የፒክአፕን ፊት ከኋላዋ እኩል ለማድረግ ስለሚገጠመው ሌቭሊንግ ኪት ነው። ነገሩ ሁሉ ግን ከእነዚህ ሦስት አቋሞች ይነሳል።

ፒክአፕ የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ሳምንት ሳይሞላው ዓይኑን የሚቆረቁረው ያ የተደፋ ፊት ነው። መኪናዋ ያጎነበሰች ትመስለዋለች። ጋራዥ ይሄድና «ፊቷን ከፍ አድርጉልኝ» ይላል። እኔም ብያለሁ። ያን ጊዜ ያልገባኝ ነገር ፋብሪካው ኋላዋን ከፍ ያደረገው አስቦ መሆኑን ነው። ያ ከፍታ ለጭነት የተተወ ቦታ ነው። ስትጭን ኋላዋ ይወርድና ትስተካከላለች። ፊቷን በባዶዋ ከኋላዋ እኩል ያደረገ ሰው ያን ቦታ አስቀድሞ በልቶታል፤ ጭነት በመጣ ቀን ዝቅ የምትልበት ልክ ሳይሆን ከልክ የምታልፍበት መንገድ ብቻ ይቀራታል።

የእኛ ሰፈር ፒክአፕ ሁለት ኑሮ አላት። በሥራ ቀን ከአያት እስከ ቦሌ አራብሳ ባሉት የግንባታ ቦታዎች ፌሮ፣ ሲሚንቶና ሴራሚክ ታመላልሳለች። ቅዳሜ ታጥባ ቤተሰብ ይዛ ቢሾፍቱ ትወርዳለች። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ነው፤ 20 ከረጢት አንድ ቶን ይሞላል፤ የተለመደችው ደብል ጋቢና ፒክአፕም አቅሟ ከሰው ጋር ተደምሮ እዚያው አንድ ቶን ግድም ነው። አምስት ሰው ተሳፍሮባት 20 ከረጢት ከጫነች አልፋዋለች። ስለዚህ በምሥራቅ አዲስ አበባ ስለ መኪና ከፍታ ከማውራት በፊት ስለ ክብደት ማውራት ይገባል። ሌላ አገር ፒክአፕ ዓመቱን ሙሉ ባዶዋን ልትሄድ ትችል ይሆናል። እዚህ ግን ትሠራለች።

የእኔ ሃይሉክስ በአሮጌነቷ ነው የተገዛችው። ፊቷ ላይ ስፔሰር፣ የሌቭሊንግ ኪቱን ከፍ ማድረጊያ ዕቃ፣ ያስገጠምኳት ከገዛኋት በሁለተኛው ወር ነው። ሥራው ግማሽ ቀን ፈጀ፤ ስወጣ መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆማ ሳያት ደስ አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ለቤትና ለዘመድ የሚሆን 8 ኩንታል ጤፍ ላመጣ ሚንጃር ወረድኩ። ስመለስ መሽቶ ነበር። ከፊቴ የሚመጣው መኪና ሁሉ ረጅም መብራቱን ብልጭ ያደርግብኛል፤ እኔ ግን አጭሩን ነበር ያበራሁት። ቢሾፍቱ ጋ ወርጄ ሳይ የመብራቴ ጨረር መንገዱን ትቶ የዛፎቹን ጫፍ ይመታል። ያን ምሽት ስንት ሹፌር ዓይኑን አጥፍቼበት እንደሆነ ሳስብ አሁንም ያሳዝነኛል። የፍጥነት መንገዱ ላይ ስወጣ ደግሞ መሪው ቀለለኝ። እጄን ላላ ሳደርግ ራሱ ወደ መሀል የሚመለሰው መሪ አሁን ወደ ሄደበት ይሄዳል። የገጠሙልኝን የጋራዡን ሰዎች አልወቅስም፤ የጠየቅኳቸውን ሠርተውልኛል። የጠየቅኩት ነበር የተሳሳተው።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት የሁለቱን ዕቃ ሥራ መለየት ያስፈልጋል። ባሌስትራና ሞላ ይሸከማሉ። አሞርዛተር ያረግባል። ባሌስትራ ተደራርበው የታሰሩ ጠፍጣፋ ብረቶች ነው፤ ሞላ የተጠመዘዘ ብረት ነው፤ ሁለቱም ሲጫኑ ይታጠፋሉ፣ ሲለቀቁ ይመለሳሉ። ችግሩ ሲመለሱ ልካቸው ላይ አለመቆማቸው ነው፤ ያልፉና እንደገና ይወርዳሉ፣ እንደገና ይነሳሉ። የሚያስቆማቸው ከሌለ አንድ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ያለፈች መኪና መቶ ሜትር እየነጠረች ትሄድ ነበር። አሞርዛተር ያን ንጥረት የሚበላ ዕቃ ነው። መኪናዋን አይሸከማትም፤ ከፍም ዝቅም የማድረግ ሥራ የለውም። «አሞርዛተሩ ደክሞ መኪናዋ ዝቅ አለች» የሚለው አባባል ጋራዥ ለጋራዥ ይሰማል፤ ዝቅ ያለች መኪና ግን የደከመው ባሌስትራዋ ወይም ሞላዋ ነው።

አሞርዛተር እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት በጎሮ ሰማይ ዝቅ ብለው ወደ ቦሌ አየር ማረፊያ ከሚገቡት አውሮፕላኖች የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ አየር መንገዶች ሁሉ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787-8 ሲያርፍ እስከ 172 ቶን ሊመዝን ይችላል። ያ ሁሉ ክብደት አስፋልቱን ሲነካ ኳስ እንደመቱት የማይነጥረው በእግሮቹ ውስጥ ዘይትና የታመቀ ናይትሮጅን ስላለ ነው። እግሩ ሲጨመቅ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ እንዲያልፍ ይገደዳል። በጠባብ ቀዳዳ መገፋት ለዘይት ድካም ነው፤ ድካሙም ሙቀት ይሆናል። የመውረዱ ጉልበት ወደ ሙቀት ተለውጦ በአየር ይበተናል። የፒክአፕ አሞርዛተርም ይኸው ነው፤ ያነሰ ብቻ። በገበያችን ስሙ በደንብ የሚታወቀው የጃፓኑ ካያባ እ.ኤ.አ. በ1919 በሺሮ ካያባ ተጀምሮ በመጀመሪያ ዘመኑ ለአውሮፕላን የማረፊያ እግር ይሠራ የነበረ ነው። ሁለቱ ዕቃዎች በእርግጥ ዘመዳሞች ናቸው።

ሙቀቱን በእጅ መዳሰስ ይቻላል። እንደ ቆርቆሮ በተሸነሸነ የጠጠር መንገድ ላይ ግማሽ ሰዓት ከነዱ በኋላ መኪናዋን አቁመው እጅዎን ወደ አሞርዛተሩ በጥንቃቄ ያስጠጉ፤ ቶሎ ይመልሱታል። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል። አየር ካለበት ደግሞ ሲናጥ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ በቀዳዳው ሲያልፍ አይታገልም። በረጅም የጠጠር መንገድ መጨረሻ ላይ መኪናዋ ድንገት መንሳፈፍ የጀመረች የሚመስለው ለዚህ ነው። ክርስቲያን ቡርሲዬ ደ ካርቦን የተባለ ፈረንሳዊ ለዚህ ችግር ያገኘው መላ ዘይቱንና የታመቀውን ጋዝ በአንድ ቱቦ ውስጥ ከትቶ በመሀላቸው ተንሸራታች መክደኛ ማድረግ ነበር። ዛሬ ገበያ ላይ «ሞኖቲዩብ» የሚባለው ያ ነው። ዘይቱ ግድግዳው ከውጭ አየር ጋር በሚገናኝ ቱቦ ውስጥ ስለሆነ ቶሎ ይቀዘቅዛል። አብዛኛው ከፋብሪካ የሚመጣው ግን ቱቦ በቱቦ ውስጥ ያለው ዓይነት ነው፤ ዋጋው ረከስ ይላል፣ ውጫዊ ቱቦው በድንጋይ ቢጎዳ እንኳ የውስጡ ሥራውን ይቀጥላል፤ ሞኖቲዩብ ግን ግድግዳው ከተሰረጎደ አበቃ። ከቦሌ ሚካኤል እስከ ሲኤምሲ ለሚመላለስ ሰው ቱቦ በቱቦው ይበቃዋል። በየሳምንቱ ከአስፋልት ለሚወጣ ሞኖቲዩቡን እመርጥለታለሁ፤ ድንጋይ የበዛበት መንገድ ከሆነ ግን መከላከያ ይኑረው።

አሁን ወደ ስፔሰሩ እንመለስ። ሃይሉክስ እ.ኤ.አ. በ1968 ከተጀመረች ወዲህ ኋላዋ በባሌስትራ ላይ እንደቆመ ነው። ፊቷ ግን ተቀያይሯል። በየገጠሩ አሁንም የሚሠሩት የድሮዎቹ ፎር ዊሎች ፊታቸውም ባሌስትራ ነው። ቀጥለው የመጡት የሚጠመዘዝ ዘንግ፣ ቶርሽን ባር፣ አላቸው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ባሉት ሞላውና አሞርዛተሩ አንድ ላይ ተሰክተው ጎማውን ከሻንሲው ጋር በሚያገናኘው ታችኛው ብራቾ ላይ ይቆማሉ። ሌቭሊንግ ኪት የሚባለው በዋናነት ለእነዚህ ነው። ቶርሽን ባር ያላት መኪና አንድ ቦሎኔ በማጥበቅ ብቻ ፊቷ ከፍ ይላል፤ ምንም ዕቃ አትገዛም፤ ግን ከዚህ በታች የምዘረዝረው ጣጣ ሁሉ እሷንም ያገኛታል።

ስፔሰር በሁለት ዓይነት ይመጣል። አንዱ ከሞላውና ከአሞርዛተሩ በላይ፣ ከሻንሲው ጋር በሚታሰርበት ቦታ የሚገባ ወፍራም ቀለበት ነው። አሞርዛተሩ ብራቾውን የሚይዘው ጫፉ ላይ ሳይሆን መሀሉ ግድም ስለሆነ፣ ቀለበቱ 25 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጎማው ጋ ሲደርስ ወደ ሁለት እጥፍ ተጠግቶ ከ40 ሚሊ ሜትር በላይ ይሆናል። ይህን የማያውቅ ሰው «5 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲል» ብሎ 50 ሚሊ ሜትር ቀለበት ያስገባና ፊቷን ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ያነሳዋል። ከዚያ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ብራቾው ፋብሪካው ካሰበለት ልክ በታች ይንጠለጠላል፤ ቦል ጆይንቱ ከማዕዘኑ ያልፋል፣ የላይኛው ብራቾ ሞላውን ሊገጭ ይችላል። ሁለተኛው ዓይነት በሞላው ላይ ብቻ ገብቶ ሞላውን አስቀድሞ የሚጨምቅ ነው። ይህኛው ብራቾውን ከልኩ በታች አያወርድም፤ ግን ጎማው ወደ ታች የሚዘረጋበትን ቦታ ይቀንስበታል። ኮብልስቶን ላይ ስትሄድ አሞርዛተሩ እየተዘረጋ ጫፉን «ጧ» ሲያደርግ ይሰማል። ሁለቱም አንድ የሚጋሩት ነገር አላቸው፤ ሞላው ያው የድሮው ሞላ ነው። የተሻለ መሸከም አልተማረም።

መሪዬ ለምን ቀለለ? የፊት ጎማ የሚዞርበት ዘንግ ቀጥ ብሎ የቆመ አይደለም፤ ጫፉ ወደ ኋላ ዘንበል ያለ ነው። በገበያ ጋሪ ላይ ያለችውን ትንሽ ጎማ ያስታውሱ፤ ጋሪው ሲገፋ ራሷ ዞራ ወደ ኋላ የምትከተለው የምትዞርበት ዘንግ ከፊቷ ስለሆነ ነው። የመኪና መሪ ወደ መሀል የሚመለሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። ባለሙያዎች ካስተር ይሉታል። የመኪናዋ ፊት ሲነሳ ብራቾዎቹ ይዞሩና ይህ ዘንበል ማለት ይቀንሳል። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በገርጂ ውስጥ አይሰማም፤ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ አዳማ ሲነዳ ግን በደንብ ይሰማል። በዚያ ላይ ስጭን ክብደቱ ወደ ኋላ አርፎ ፊቷን አቀለለው። አላይመንት ያላሠራ ሰው ደግሞ የጎማዎቹ አፍንጫ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩን የሚያውቀው ጎማው በአንድ ጎኑ ተበልቶ ሲያልቅ ነው። በስድስተኛው ወር ጉልበቱን ወደ ፊት ጎማ የሚያደርሰው የሲቪ ጆይንቴ ላስቲክ ተቀደደ፤ ሁልጊዜ ተጣጥፎ መሄዱ ነው የጨረሰው። ግራሱ ወጥቶ አቧራ ከገባ በኋላ ጆይንቱ ራሱ ብዙ አልቆየም።

ጋራዥ ውስጥ የምንጠራቸው ስሞች ጣሊያንኛ መሆናቸውን እዚህ ላይ ላንሳ፤ ባሌስትራ፣ ሞላ፣ ቦሎኔ፣ ዳዶ፣ ክሪክ፣ ኩሽኔታ፣ ብራቾ፣ አሞርዛተር። የቆየ ሙያ ምልክት ናቸው። ሌቭሊንግ ኪት፣ ስፔሰር፣ ሞኖቲዩብ ግን በእንግሊዝኛ የመጡ አዳዲስ ስሞች ናቸው፤ ዕቃዎቹም ልምዱም አዲስ ናቸው። ስለዚህ ባሌስትራ በመሥራት ሠላሳ ዓመት ያሳለፈ ባለሙያ ስፔሰር ሲገጥም የመጀመሪያው ሊሆን ይችላል። ችግሩ የእውቀት ማነስ ሳይሆን የዚህ ዕቃ ልክ ተጽፎ አለመቀመጡ ነው። ዕቃውን የሚያመጣ ሰው ከዕቃው ጋር የሚመጣውን ወረቀት አብሮ ሊያመጣ ይገባል፤ ቦሎኔው ስንት እንደሚጠብቅ ያለው እዚያ ላይ ነው።

መኪናዬን ያስተካከሉልኝ አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው። ስገባ መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩና ኮፈኑን እንኳ አልከፈቱም።

«ልጄ፣ ይቺ መኪና ስንት ኩንታል ነው የምትጭነው?»

«ጋሼ፣ ብዙ ጊዜ ባዶ ናት። በወር አንዴ ሁለቴ ስምንት፣ ዘጠኝ።»

«ታዲያ ለባዶዋ ነው ለጭነቷ የምሠራልህ?»

ጥያቄያቸው የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ነው። ሜትር ይዘው ከጎማው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጫፍ ለኩ። ከመሬት አልለኩም፤ ከመሬት ከተለካ የጎማው ነፋስና መበላት አብሮ ይለካል። መጀመሪያ በባዶዋ ለኩ። ቀጥሎ ጋራዡ በር ላይ የነበሩ የሲሚንቶ ከረጢቶች አስጭነው ለኩ። በ8 ኩንታል የእኔ መኪና ኋላ 7 ሴንቲ ሜትር ወረደ፤ ፊቷ ትንሽ ተነሳ። «የሚጎድላት ኋላ ነው እንጂ ፊት አይደለም» አሉኝ። በእርግጥም የባሌስትራዎቹ ቅስት ጠፍቶ ጠፍጣፋ ሊሆኑ ደርሰው ነበር፤ አንደኛዋም ብረት ጫፏ ላይ ተሰንጥቃለች። እኔ ፊቷን ከፍ ሳስደርግ በሽተኛዋ ኋላ ነበረች።

የሠሩት ሥራ ይህ ነው። ስፔሰሩን አወጡ። ፊት ላይ ለመኪናዋ ክብደት የተሠራ አዲስ ሞላ ከአዲስ አሞርዛተር ጋር አስገቡ፤ ሞላው ራሱ ትንሽ ረዘም ስለሚል ፊቷ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ተነሳ፤ ያን ያህሉን አላይመንት ማስተካከል ይችላል። ኋላ ላይ የተሰነጠቀውን አስወጥተው ባሌስትራውን ለቋሚ ቀላል ጭነት በሚሆን ቀየሩት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «አንድ ሁለት ብረት ይጨመርባት» ይላል። በየቀኑ ለምትጭን መኪና ትክክል ነው። በወር ሁለቴ ለምትጭን ግን በቀሩት ቀናት ባዶዋን እንደ ጋሪ ታንገጫግጫለች፤ የደረቀ ባሌስትራ ጎማውን መሬት ላይ አያቆየውም፣ ባዶዋን ፍሬን ስትይዝ ኋላዋ ይዘላል። ለአልፎ አልፎ ጭነት የሚረዳው ባሌስትራው ሲወርድ ብቻ የሚደገፍበት ከሥር ያለ ወፍራም ብረት ወይም የላስቲክ መደገፊያ ነው፤ ባዶዋን ስትሄድ አይነካትም።

አሞርዛተሩ ደግሞ ከሞላውና ከባሌስትራው ጋር መመጣጠን አለበት። ጠንካራ ሞላ ሲለቀቅ በኃይል ይመለሳል፤ የሚያረግበው አሞርዛተር ደካማ ከሆነ ያሸንፈዋል። ለስላሳ ሞላ ላይ ጠንካራ አሞርዛተር ካደረጉ ደግሞ በተከታታይ ጉድጓድ ላይ ሞላው ለመመለስ ጊዜ አያገኝም፤ ከጉድጓድ ጉድጓድ እየተቀመጠ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1975 አንቶኒ ሮናልድ ብራውን በሜልቦርን የመሠረተውን የአውስትራሊያውን ኤአርቢን የመሰሉ ኩባንያዎች «ኦልድ ማን ኢሙ» በሚል ስም ሞላውንና አሞርዛተሩን በክብደት እየመደቡ አብረው የሚሸጡት ለዚህ ነው። ሙሉውን መግዛት ካልተቻለ ከኋላ ባሌስትራ መጀመር፣ ቀጥሎ አራቱንም አሞርዛተር መቀየር፣ የፊት ከፍታን መጨረሻ ማድረግ ይሻላል። አሞርዛተር ሁልጊዜ በጥንድ ይቀየራል። ከሶማሌ ተራም ሆነ ከቦሌ ሱቅ ሲገዙ ዘንጉን በእጅ ገፍተው ይሞክሩት፤ ወደ ታችም ወደ ላይም ያለ መዝለል፣ እኩል ሊታገል ይገባል። ያገለገለ አሞርዛተር አይግዙ። ዘይቱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደተናጠ የሚናገር ምልክት የለውም።

የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም ከተከለከለ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ያሉትን መኪኖች ማቆየት ከቀድሞው ይበልጥ ትርጉም አለው። ለአሥር ዓመት ልትቆይ ለምትችል መኪና አንድ ቀን ተረጋግቶ መሥራት ውድ አይደለም። ቀኑ እንዲህ ይሄዳል። ዋዜማውን ማታ ቦሎኔዎቹ ላይ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ይረጫል፤ የሚንጃር ጭቃ የበላው ዳዶ ጠዋት በቀላሉ ይፈታል። መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ትቆማለች፣ የኋላ ጎማዎች ይታገዳሉ። ክሪክ ያነሳል እንጂ አያቆምም፤ ከሻንሲው ሥር ቋሚ ድጋፍ ሳይገባ ማንም ከሥሯ አይግባ። ድንጋይ ወይም ብሎኬት ድጋፍ አይደለም፤ ብሎኬት ሲሰነጠቅ አያስጠነቅቅም።

ጎማው ከወጣ በኋላ የስታቢላይዘሩ ማያያዣ፣ የፍሬን ቱቦውና የኤቢኤስ ሽቦው ከብራቾው ይላቀቃሉ፤ ይህ ካልተደረገ ብራቾው ሲወርድ ይበጥሳቸዋል። ከላይ ሦስት ዳዶዎች አሞርዛተሩን ከሻንሲው ጋር ይይዛሉ። መሀል ላይ አራተኛ ትልቅ ዳዶ አለ። እሱ አይነካም። የታመቀውን ሞላ የያዘው እሱ ነው፤ ሞላው በመጭመቂያ ሳይታሰር ይህን ዳዶ የፈታ ሰው ፊቱን ወይም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። በቤት ሊሠራው ያሰበ ሰው ይህን ክፍል ብቻ እንኳ መጭመቂያ ላለው ጋራዥ ይተው። ቱቦ በቱቦ የሆነ አዲስ አሞርዛተር ከመግባቱ በፊት ቀጥ ተደርጎ ሦስት አራት ጊዜ ይገፋል፣ ይሳባል፤ በሳጥን ውስጥ ተኝቶ ስለመጣ በውስጡ የተዛባው አየር ቦታውን ይይዛል።

ከሁሉ በላይ የሚሳሳቱበት ቦሎኔ ማጥበቅ ነው። ብራቾውና አሞርዛተሩ የሚያርፉበት የላስቲክ ቡሽ እንደ ኩሽኔታ አይሽከረከርም፤ ላስቲኩ ራሱ ነው የሚጠመዘዘው። ቦሎኔው ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ ላስቲኩ የተንጠለጠለውን አቋም እንደ ልኩ ይይዛል። መኪናዋ ስትወርድ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ቆማ እያለች እንኳ አያርፍም። መኪናዋን በትንሹ ከፍ አድርጎ ይይዛታል፣ በጥቂት ወራት ውስጥም ይቀደዳል። ሁሉም ቦሎኔ በእጅ ብቻ ይገባል፣ መኪናዋ በጎማዋ ትቆማለች፣ ከኋላ ወደ ፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ትገፋለች፣ ከዚያ በኋላ ነው በቶርክ ቁልፍ የሚጠብቀው። አዛውንቱ ረዳቶቻቸውን በቁጣ ሲመልሱ ያየሁት በዚህ ጉዳይ ብቻ ነው።

ኋላ ላይ ባሌስትራውን ከአክሱ ጋር የሚያስሩት የታጠፉ ረጃጅም ቦሎኔዎች በአዲስ ይቀየራሉ፤ አንዴ ከጠበቁ ተለጥጠዋል፣ ሁለተኛ ጊዜ እኩል አይዙም። እዚያው አካባቢ ብዙዎች የማያዩት አንድ ቀጭን ዘንግ በብዙ ሃይሉክሶች ላይ አለ። አንድ ጫፉ ከአክሱ፣ ሌላው ከሻንሲው ላይ ካለ የፍሬን ቫልቭ ጋር ይገናኛል። ኋላዋ ሲወርድ ቫልቩ «ተጭናለች» ብሎ ለኋላ ፍሬን ግፊት ይጨምራል፤ ኋላዋ ሲነሳ «ባዶ ናት» ብሎ ይቀንሳል። አዲስ ባሌስትራ ኋላዋን 4 ሴንቲ ሜትር ካነሳት ቫልቩ የጫነችውን መኪና እንደ ባዶ ይቆጥራታል። በጭነት ቁልቁለት ስትወርድ የኋላ ፍሬን ይጎድላታል። ማስተካከያው አንድ ቦሎኔ ላልቶ ዘንጉ በተነሳችው ልክ መንቀሳቀሱ ነው፤ ሥራው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ከዚህ ምዕራፍ አንድ ነገር ብቻ ለመካኒክዎ የሚነግሩ ከሆነ ይህን ይንገሩት።

ሁሉም ካለቀ በኋላ አላይመንት ይሠራል፤ ሲሠራም በተለመደው ጭነቷ ቢሆን ይመረጣል። ቀጥሎ መብራት። መኪናዋ ከግድግዳ 5 ሜትር ርቃ ትቆምና የጨረሩ የላይኛው ጠርዝ በኖራ ይሰመራል፤ ስትጭን ሌላ መስመር ይሰመራል። ብዙ ፒክአፖች ዳሽቦርዳቸው ላይ መብራቱን ዝቅ የምታደርግ ትንሽ ተሽከርካሪ ቁልፍ አለቻቸው። የእኔ መኪና ላይ ነበረች፤ ለዓመታት ምን እንደሆነች አላውቅም ነበር። በሁለቱ መስመሮች መሀል ያለው ልዩነት ቁልፏ በየትኛው ቁጥር ላይ መሆን እንዳለባት ይናገራል። እኔ በባዶዬ ዜሮ ላይ፣ በ8 ኩንታል ሦስት ላይ አደርጋታለሁ።

ከጥገናው በኋላ በሁለተኛው ወር እንደገና ሚንጃር ወረድኩ። ከመነሳቴ በፊት አዛውንቱ ባዘዙኝ መሠረት 1,000 ኪሎ ሜትር ስለሞላት የኋላ ቦሎኔዎቹ እንደገና ተጠበቁ፤ ሁለቱ ሩብ ዙር ያህል ላልተው ነበር። እዚያው ሚንጃር፣ አረርቲ ላይ 8 ኩንታል ተጫነ። ሜትሬን አውጥቼ ለካሁ፤ ከጎማው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ፊትና ኋላ በ1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይለያያሉ። ቁልፏን ሦስት ላይ አድርጌ ሲመሽ ወደ ቢሾፍቱ ጉዞ ጀመርኩ፤ እስክደርስ ድረስ መብራት ያበራብኝ መኪና አልነበረም።